«አያመኝም» ብለው አይቀመጡ፦ ስለ ጡት ካንሰር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጡት ማስያዣ አድርጎ ማደር ካንሰር ያመጣል?

መልስ፦ አያመጣም። ዲኦዶራንትም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ጡቴን መቼና እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ የወር አበባ በቆመ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ከመምጣቱ በፊት ጡት ስለሚያብጥና ስለሚጓጉል ያሳስታል። ያረጠች ሴት ከወሩ አንድ ቀን ትምረጥ። መጀመሪያ መስታወት ፊት ቆመው እጅዎን ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ በመጨረሻም ወገብዎን ተጭነው ይመልከቱ፤ ቆዳው ጎድጎድ ካለ፣ የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ፣ የጡት ጫፍ በቅርቡ ወደ ውስጥ ከገባ ምልክት ነው። ከዚያ ተኝተው በ3ቱ መካከለኛ ጣቶች የውስጥ ገጽ፣ ከአንገት አጥንት እስከ ጡት ሥር፣ ከብብት እስከ ደረት መሐል፣ ትንንሽ ክብ እየሠሩ ይዳስሱ። እያንዳንዱን ቦታ መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠንከር፣ ከዚያ በደንብ ጫን አድርገው ይዩ። በሁለት ጣት አይቆንጥጡ፤ ጤነኛው ሥጋም እብጠት ይመስላል።

ጥያቄ፦ ከ4 ወር በፊት ጡቴ ላይ ትንሽ ጠጣር ነገር አገኘሁ። አያመኝም። ናሙና ከተወሰደ ይሰራጫል ስላሉኝ ቅጠል እየቀባሁ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ቅጠሉን ዛሬውኑ ያቁሙ። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ሳምንት የለም፤ ሁሌም የሚጀምረው «አያመኝም» በሚለው ቃል ነው። አለማመሙ ዋስትና አይደለም! የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሕመም ሲመጣ ይልቁንም ብዙውን ጊዜ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው። ሐኪም በእጁ ይዳስሳል፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ (በጡት ራጅ) ያያል፣ ካስፈለገ በመርፌ ናሙና ይወስዳል። መርፌው ካንሰርን አያሰራጭም፤ የሚያሰራጨው ጊዜ ነው። ያለ ናሙና ደግሞ ካንሰር ይሁን አይሁን፣ ካንሰር ከሆነም በሆርሞን የሚያድግ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚያ ነው። ቅጠሉ ቆዳውን አቁስሎ ምርመራውን ያደናግራል፣ እብጠቱ ግን ከሥር ማደጉን ይቀጥላል። ከ2 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥና ብብት ሳይደርስ የተገኘ ብዙ ጊዜ ጡት ሳይቆረጥ ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት ታማሚዋ ሐኪም ዘንድ ከቀረበች ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ ይላል፤ እርስዎ ግን ሳይቀርቡ 4 ወር አሳልፈዋል። ደግሞ አይደንግጡ፣ አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ያንን የሚያረጋግጠው ግን ምርመራ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ያሰጋኛል?

መልስ፦ ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች 1 ያህሉ ወንድ ነው። ከጡትህ ጫፍ ሥር ጠጣር ነገር ካገኘህ ሐኪም ዘንድ ታይ፤ አለማመሙ አያዘናጋህ።

ጥያቄ፦ በዘራችን የለም፤ ማሞግራፊ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ በዘራቸው የለም። ከ40 ዓመት ጀምሮ በየ2 ዓመቱ ይታዩ። እናት ወይም እህት በወጣትነቷ የታመመችባት ሴት ግን ቀደም ብላ ሐኪም ታማክር። እብጠት እየዳሰሱ ማሞግራፊው «ንጹሕ ነው» ቢል በዚያ ረክተው አይመለሱ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጡት እብጠቱን ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ለመቀነስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አልኮል ይተዉ፤ ጥቂቱም አደጋውን ይጨምራል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ካረጡ በኋላ አይወፍሩ፤ ስብ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። የምትችል እናት ልጇን ጡት ታጥባ። ይህን ሁሉ አድርጋ የምትታመም አለችና ፍተሻውን አይተዉ።

ጥያቄ፦ ከአንዱ ጡቴ ጫፍ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወጣል። አያመኝም።

መልስ፦ ይህ በስልክ አይመለስም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።