ራይት ፊልድ ላይ የቆመው ሰው

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ እዚያ ጥግ ፒዛውን ቀድማችሁ የጀመራችሁት ልጆችም ጭምር።

አዘጋጆቹ ስለ አንድ ስፖርተኛ ተናገር ሲሉኝ ስለ ሯጭ የማወራ መስሏቸው ነበር። ስለ ጃፓናዊው ኢቺሮ ሱዙኪ ነው ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። "ቤዝቦል እኮ የሚገባው ሰው የለም" አለኝ አንዱ። አልፈርድበትም። እኔም ሲያትል የመጣሁ ሰሞን ቤዝቦል ማለት ጎልማሶች ቆመው ሱፍ የሚቆረጥሙበት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ2005 ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ መጣ፣ የመኪናውን በር ድርግም አድርጎ ዘጋ፣ ከዚያ አለቀሰ። "ራይት ፊልድ አቆመኝ" አለ። አሰልጣኙን ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ፣ ሜዳ ውስጥ እስካለህ ድረስ ምን አለበት አልኩት። ለካ አለበት!

ለማታውቁት ላስረዳ። የቤዝቦል ሜዳ ከፊት ቤዞቹ፣ ማለትም ሯጩ እየረገጠ የሚያልፋቸው ማረፊያዎች፣ ያሉበት ክፍል አለው። ከኋላ ደግሞ ሰፊ ሣር አለ። ሣሩ ላይ ሦስት ሰዎች ይቆማሉ፤ በግራ፣ በመሀል፣ በቀኝ። ራይት ፊልድ የሚባለው ቀኙ ነው። አውትፊልደር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ትንንሽ ልጆች ሲጫወቱ አብዛኛው መቺ ቀኝ እጁን ስለሚጠቀም ኳሷ ወደ ግራ ትበዛለች። ስለዚህ መያዝ የማይችለው ልጅ ቀኝ ጥግ ይቆማል። ኳስ አይመጣበትም፣ እሱም ቢራቢሮ ይቆጥራል። ልጄ ያለቀሰው ለዚህ ነው።

"ኢቺሮስ የት ነው የሚቆመው?" አልኩት። እንባውን በእጅጌው ጠረገና ዝም አለ።

ኢቺሮ የተወለደው በ1973 ጃፓን ውስጥ፣ ናጎያ አጠገብ ባለ ቶዮያማ በሚባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ገና በሰባት ዓመቱ ያሠለጥኑት ጀመር። ቀን ሜዳ፣ ማታ ደግሞ አየር ማረፊያው አካባቢ ኳስ በማሽን እየተወረወረ መምታት የሚለማመዱበት ቤት። አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በጻፈው ድርሰት ከዓመቱ 360 ቀን ብርቱ ልምምድ እንደሚያደርግ ተናግሯል። ይሄን ስነግራችሁ አንዳንድ አባቶች ልጆቻችሁን በጎን እያያችሁ ነው። ተዉ! ኢቺሮ ራሱ ካደገ በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲናገር ደስታ ብቻ አልነበረበትም። ልጆች፣ እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ።

በ1991 ኮቤ ከተማ የነበረው ኦሪክስ ብሉዌቭ የሚባል ቡድን መረጠው። ያውም በአራተኛ ዙር። ማንም የተሻማበት አልነበረም። ሲመታ እግሩን እንደ ሰዓት ፔንዱለም ያወዛውዝ ነበር። የጊዜው አሰልጣኝ ይሄ አመታት አልጣማቸውም። በ1993 ዝነኛው ኳስ ወርዋሪ ሂዴዎ ኖሞ ላይ የመጀመሪያ ሆም ራኑን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር በላይ የምታልፍ ኳስ፣ መታ፤ እንዲያም ሆኖ ወደ ሁለተኛው ቡድን መልሰው ላኩት። አመታትህን ቀይር ነው ነገሩ። አልቀየረም።

በ1994 አኪራ ኦጊ የሚባሉ አዲስ አሰልጣኝ መጡ። ኦጊ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ እንደፈለግህ ምታ ብለው በየቀኑ አሰለፉት። ሁለተኛ፣ ማልያው ላይ "ሱዙኪ" የሚለውን አስነስተው "ኢቺሮ" ብቻ አስጻፉ። ጃፓን ውስጥ ሱዙኪ ብሎ መጣራት መርካቶ መሀል "ተስፋዬ!" እንደማለት ነው፤ ግማሹ ገበያ ይዞራል። በዚያ ዓመት በ130 ጨዋታ 210 ሂት መታ። ሂት ማለት ኳሷን መትቶ በሰላም ቤዝ መድረስ ነው። በጃፓን ሊግ በአንድ ዓመት 200 የደረሰ ከእሱ በፊት አልነበረም።

ቀጥሎ ጥር 17 ቀን 1995 ኮቤን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ6,400 በላይ ሰው ሞተ። ቡድኑ በዚያ ዓመት የተጫወተው እጅጌው ላይ "ጋምባሮ ኮቤ" የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ነው። ኮቤ፣ እንበርታ እንደማለት ነው። ሊጋቸውን አሸነፉ። በ1996 ደግሞ ዮሚዩሪ ጃያንትስን አሸንፈው የመላው ጃፓን ሻምፒዮን ሆኑ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ኳስ አይጠግንለትም፤ ይሄን አውቃለሁ። ግን ማታ ማታ ወሬ የሚሆን ሌላ ነገር አገኘ።

በ2001 እዚህ መጣ። የሲያትሉ ቡድን ማሪነርስ እሱን ለማነጋገር ብቻ ለኦሪክስ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ያኔ የአሜሪካ ቤዝቦል የጡንቻ ዘመን ነበር። ባሪ ቦንድስ በዚያው ዓመት 73 ሆም ራን መታ። ኢቺሮ ቀጭን ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ነው። ከዚያ በፊት ከጃፓን የመጡት ኳስ ወርዋሪዎች ነበሩ፤ መቺ ሆኖ በየቀኑ የተሰለፈ አልነበረም። ይሄ ልጅ እዚህ አይችልም ያለ ብዙ ነበር።

ያን ጊዜ ታክሲ እነዳ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን፣ አየር ማረፊያ ወረፋ ይዤ ሬዲዮ እሰማለሁ። ጨዋታው ኦክላንድ ነው። ከኦክላንድ ቴረንስ ሎንግ የሚባል ፈጣን ሯጭ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። ኳሷ ተመታችና ወደ ቀኝ መስክ ሄደች። ሎንግ ሁለተኛውን አልፎ ወደ ሦስተኛው ገሰገሰ። ደንበኛ ሯጭ እንዲህ ያለውን ይደርሳል። ኢቺሮ ኳሷን አነሳና ለቀቃት። አልተንደረደረም፣ አላነጠራትም። ከቀኝ ጥግ እስከ ሦስተኛው ቤዝ በአየር ላይ ቀጥ ብላ ሄዳ ጓደኛው ጓንት ውስጥ ገባች። ሎንግ ሲደርስ ኳሷ ቀድማ እየጠበቀችው ነበር። የሬዲዮው ሰውዬ ጮኸ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ደግሞ ወረፋው ስለተንቀሳቀሰ ጡሩምባውን ነፋብኝ። ቤዝቦል የገባኝ ያን ቀን ነው።

በዚያ ዓመት 242 ሂት መታ፣ 56 ቤዝ ሰረቀ፤ መስረቅ ማለት ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ መያዝ ነው። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪም የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። ሁለቱን በአንድ ዓመት ያገኘ ከእሱ በፊት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ማሪነርስም 116 ጨዋታ አሸነፈ።

እኔና ልጄ በርካሹ መቀመጫ፣ ከቀኝ መስክ ጀርባ እንቀመጥ ነበር። በማልያው ቁጥር የ51 ቁጥር ግዛት ነው የሚባለው። ከዚያ ሆናችሁ የምታዩት ጀርባውን ነው። ኳስ ሳይመጣ ምን ይሠራ ነበር መሰላችሁ? አይቆምም። ጎንበስ ይላል፣ እግሩን ይዘረጋል፣ ትከሻውን ያዞራል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይላል። መቺው በተቀየረ ቁጥር ቦታውን ይቀይራል። ሦስት ሰዓት ሙሉ! በዚያ ሁሉ ጊዜ ኳስ የሚመጣለት ምናልባት ሦስት ጊዜ ነው። ጓንቱንም የሚያጸዳው ራሱ ነበር።

በ2004 የሆነውን ደግሞ ስሙ። ጆርጅ ሲስለር በ1920 በአንድ ዓመት 257 ሂት መትቶ ነበር። ለ84 ዓመት የነካው የለም። ጥቅምት 1 ቀን ኢቺሮ እዚሁ ሲያትል አለፈው፤ ዓመቱን በ262 ጨረሰ። እስካሁን አልተሰበረም። ሲስለር የተጫወተው በ154 ጨዋታ ነው፣ ኢቺሮ በ161፤ ይሄንንም መደበቅ የለብኝም። እኔን የነካኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሜዳው በጩኸት ሲናወጥ ኢቺሮ ወደ ተመልካቹ ሮጠ። የሲስለር ልጅ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት እናት፣ ከቤተሰባቸው ጋር እዚያ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። የአባታቸውን ስም ከመዝገቡ ያነሳው እሱ ነው፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው ተቀበሉት። በኋላ በ2009 ሴንት ልዊስ ሲሄድ የሲስለርን መቃብር ተሳልሟል።

ነቃፊ አልነበረውም ማለት አይደለም። ኳሷን ቀስ አድርጎ መሬት ለመሬት ይልክና በእግሩ ይቀድማታል፣ ይሄ የኃያል አመታት አይደለም ይሉ ነበር። ለራሱ ቁጥር ነው የሚጫወተው ያሉም አሉ። ማሪነርስ ከ2001 በኋላ እየወረደ ሲሄድ ወሬው በረታ። የጃፓኑን 1,278 እና የአሜሪካውን 3,089 ደምረው ከሁሉም በላይ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አልደምርም። 3,089 ብቻውን ሰው ያስቀናል፤ የጀመረውም በ27 ዓመቱ ነው።

በ2025 ኩፐርስታውን ያለው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገባ፤ ከእስያ የመጀመሪያው ነው። ከ394 ድምፅ 393 አገኘ። ያልመረጠውን አንድ ጋዜጠኛ ቤቴ እጋብዘዋለሁ ብሎ ነበር። የክብር ንግግሩ ላይ ግን የግብዣው ጊዜ አልፏል ብሎ ሕዝቡን አሳቀው።

የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረገው መጋቢት 21 ቀን 2019 ቶኪዮ ነው። አርባ አምስት ዓመቱ ነበር። እዚህ በሀገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ልጄ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከሚኖርበት መጣና ቡና አፍልተን ተቀመጥን። እናቱ ጤና የላችሁም ብላ ገብታ ተኛች። ሲነጋጋ ኢቺሮ ለመጨረሻ ጊዜ ሊመታ ገባ። ኳሷን ቀስ አድርጎ መሬት ለመሬት ላካት፣ ያው እንደለመደው። ሮጠ። በአንድ እርምጃ ቀደሙት።

ከዚያ ጓንቱን አደረገና ወደ ቀኝ መስክ ሄደ። ቦታው ደርሶ ቆመ። አሰልጣኙ ወዲያው ጠሩት። ጓደኞቹ በሙሉ ወጥተው እየጠበቁት ነበር፤ አንድ በአንድ እያቀፈ ገባ። ከአገሩ የመጣው ወጣት ወርዋሪ ኪኩቺ ትከሻው ላይ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ልጄን ዞር ብዬ አየሁት። እጅጌው ፊቱ ላይ ነበር።

አመሰግናለሁ። ፒዛው ሳያልቅ ልቀመጥ።