በቀይ ባሕር «ሳይመሽ መግባት» ማለት ስንት ሰዓት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው ከሱአኪን፣ ከሱዳን የወደብ ከተማ፣ ተነሥቶ የሱዳንን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ግብፅ ስለሚያቀና የሸራ ጀልባ ነው። እንዲህ ያለው ጀልባ ቀን ቀን ይጓዛል፤ ማታ ማታ መርሳ በሚባሉት የተፈጥሮ መጠለያዎች መልህቁን ጥሎ ያድራል። መርሳዎቹ የሚገኙት ከበረሃው የሚመጡ ደረቅ ወንዞች ባሕሩን በሚያገኙበት ቦታ ነው። ኮራል (በባሕር ውስጥ እያደገ እንደ ዓለት የሚጠነክር ሕያው ነገር) ጨው የሌለውና ደለል የበዛበት ውኃ ስለማይስማማው፣ ጎርፍ ይወርድበት በነበረው መስመር የኮራሉ አጥር ሳይዘጋ ቀርቷል። ጀልባው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው፤ ግራውም ቀኙም ዓለት ነው።

መርከበኛ ሁሉ «ሳይመሽ እንግባ» ይላል። እኔ ግን በዚህ ዳርቻ የሚመሸው ፀሐይ ከመጥለቋ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱን በመንገድ ላይ እንየው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ትመጣለች። ጠዋት ያልታየው የመስታወት አቧራ በሙሉ እንደ መብራት ይበራል፤ ሾፌሩ መከላከያውን ያወርዳል፣ በአንድ እጁ ዓይኑን ይጋርዳል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ግን መንገድ የሚያቋርጠውን አህያ የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሾፌር ግን ፀሐይዋ ከጀርባው ስለሆነች ያንኑ አህያ ከሩቅ፣ እስከ ጭነቱ ድረስ ለይቶ ያየዋል። ልብ በሉ፤ መንገዱም አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው፣ ብርሃኑም ሞልቷል። ልዩነቱ ፀሐይዋ ያለችበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

የሱዳን መርሳዎች አፋቸው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ የሚገባው ጀልባ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ከኋላ ወይም ከአናት ሆና ውኃውን እስከ ታች ታሳያለች፦ ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ ነው፣ ፈዛዛ አረንጓዴው ጥልቀት የሌለው አሸዋ ነው፣ ቡናማው ደግሞ ዓለቱ ነው። ፖላራይዝድ፣ ማለትም የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ፣ መነጽር ያደረገ አንድ ሰው ምሰሶው ላይ ወጥቶ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ» እያለ ይመራል። በ11 ሰዓት ያው ውኃ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ይሆናል፤ ቡናማውም ሰማያዊውም አይለይም። በማዶ፣ በሳዑዲ ዳርቻ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ መግባት ይሻላል።

ብዙዎቻችሁ «ጂፒኤስ እያለ ዓይን ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ረጋ ብለን እንመልከተው። ጂፒኤስ ጀልባው ያለበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይናገራል። ችግሩ ያለው ካርታው ላይ ነው። ካፒቴን ሮበርት ሞርስቢን የመሳሰሉ መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ይህን ባሕር የለኩት በገመድ ጫፍ ከባድ የእርሳስ ብረት አስረው ጥልቀቱን እየፈተሹ ነው። ሥራቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ሆኖም በእንዲህ ያሉ አሮጌ ልኬቶች ላይ በተመሠረተ ካርታ አንድ ዓለት ከትክክለኛ ቦታው መቶ ሜትሮች ርቆ ሊሣል ይችላል፣ የመርሳው በር ደግሞ አንዳንዴ ከዚያ ይጠብባል። መሣሪያው ትክክል፣ ካርታው ስሕተት ሲሆን ጀልባው ዓለት ላይ ይወጣል። ታዲያ ጂፒኤስ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዓይን እያያችሁ የገባችሁበትን መስመር መዝግቡት፤ ንጋት ላይ ፀሐይዋ ፊት ለፊት እያለች በዚያው መስመር ትወጣላችሁ።

ስሌቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። በዚህ የባሕር ክፍል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ስለሚመጣ፣ የሸራ ጀልባም ቀጥ ብሎ ወደ ነፋስ መሄድ ስለማይችል፣ ጀልባው በዚግዛግ ይሄዳል፤ 30 የባሕር ማይል ወደ 42 ያድጋል። በ5 ኖት (በሰዓት 5 የባሕር ማይል) ፍጥነት ይህ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ማርፈድ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ሌሎች ስሌቶችን በቀጣዩ ክፍል እናያለን፤ ቻናሉን ሰብስክራይብ ብታደርጉ ያገኛችኋል።

ወሳኙ ሰዓት ቀትር ነው። 6 ሰዓት ላይ ከ30ው ማይል ወደ መድረሻው የቀረባችሁት 12ቱን ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 18 ማይል በዚሁ አካሄድ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ያን ጊዜ ጀልባውን መልሱት። ነፋሱ ከኋላ ሲገፋችሁ ያው 12 ማይል ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም፣ የጠዋቱ መስመርም ተመዝግቦ ይጠብቃችኋል።