እህቴ ጉርሻ ለምን እምቢ አለች?

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ሰብሳቢያችን "ስለ ጥርስ ትንሽ ንገሪን" ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ነው። መገጣጠሚያው ሲታመም ጤነኛ ጥርስም ማኘክ ያቅተዋል።

ከእህቴ ልጀምር፤ ፈቅዳልኛለች። ታላቄ ናት። በዓል ሲሆን ቤቱን ሁሉ የምታጎርሰው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ጉርሻ ሲቀርብላት "ጠግቤያለሁ" እያለች የሰው እጅ ትመልስ ነበር። ቆሎ ሲመጣ ለጎኗ ታቀብላለች። ከዶሮ ወጡ ሥጋውን ትታ መረቁን ታጠቅሳለች። ክብደት እየቀነሰች መስሎን ነበር። አክስታችን እንዲያውም ተቀየመቻት። እኔ በየቀኑ የሰው አፍ እያየሁ የእህቴን አፍ አልጠየቅኩም። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል። አንድ ቀን ስታዛጋ መንጋጋዋ ቀጭ አለና ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች። ያኔ ገባኝ።

እስቲ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱ፣ ዝጉ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀሰው የመንጋጋ መገጣጠሚያው ነው። መንጋጋ እንደ በር ማጠፊያ ብቻ አይዞርም፤ ወደ ፊትም ይንሸራተታል። በአጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ ሆና የምታገለግል ቀጭን ዲስክ አለች። ከቦታዋ ወጥታ ስትመለስ ቀጭ ይላል። ካልተመለሰች አፍ በደንብ አይከፈትም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚታመመው ዲስኳ ሳይሆን የምናኝክበት ጡንቻ ነው። ጥርስ ማፋጨት፣ ጭንቀት፣ ምት፣ ለሰዓታት ጫት ማኘክ ጡንቻውን ያደክሙታል። ሕመም የሌለው ድምፅ ብቻውን ግን አያስጨንቃችሁ።

የታመመ ሰው ማኘኩን በአንድ ጊዜ አያቆምም። መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን ያዞረዋል። ቀጥሎ ቀስ ይላል፣ በደንብ ያልደቀቀውን ይውጣል። በመጨረሻ ምግቡን ይቀይራል፤ ቆሎው ይቀራል፣ ጥብሱ ይቀራል፣ ደረቅ ዳቦው ይቀራል። ሽሮና ገንፎ ይተርፋሉ። ቤተሰብ ይህን አያይም፤ ሰውየው ማዕድ ላይ ተቀምጧልና።

ማኘክን መለካት ይቻላል። አንዱ መንገድ ሁለት ቀለም ያለው ማስቲካ ነው። ሰውየው 20 ጊዜ ያህል ያኝከዋል፤ ቀለሞቹ ምን ያህል እንደተዋሃዱ ይታያል። ሆኖም ማስቲካውን በደንብ አዋህዶ "መብላት አቅቶኛል" የሚል ሰው አለ። እሱንም እመኑት። ፈተናው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ምሳ ግን ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሕመሙም እያደር ይመጣል። ስለዚህ እኔ አሁን "ያምሻል?" ብዬ አላበቃም። "መብላት የተውሽው ምንድን ነው?" እላለሁ።

ሕመሙ ጆሮ ወይም ጥርስ ይመስላል። ጤነኛ ጥርስ አስነቅለው ሕመሙ ያልለቀቃቸው ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ጥርሱ መበላሸቱ ሳይረጋገጥ አታስነቅሉ።

አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ለጊዜው ምግቡን አለስልሱ፣ ጉርሻውን አሳንሱ፣ ማስቲካ ተዉ። ጡንቻው ላይ ሞቅ ያለ ፎጣ አድርጉ። ዝም ስትሉ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ከጥርስ ግን አይነካካ። ጥርስ የምንገጥመው ስንበላና ስንውጥ ነው። ባለሙያ የሚያሳያችሁን እንቅስቃሴ በየቀኑ ሥሩ። ደግሞ ለወራት ፈሳሽ ብቻ እየጠጣችሁ አትኑሩ፤ ጡንቻው ይሰንፋል። ሻል ሲል ወደ ጠንካራው ምግብ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ለቀዶ ሕክምና መቸኮል ጥሩ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ ቴፍሎን ያለበት ሰው ሠራሽ አካል መንጋጋቸው ውስጥ የተተከለላቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ። ዕቃው እየተሰባበረ አጥንታቸውን ጎዳው፤ በኋላም ከገበያ ተሰበሰበ።

ጊዜ የማይሰጠውን ልንገራችሁ። ቁስል ካለ በኋላ መንጋጋ ከገጠመ፣ አንገትና ጀርባ ከደረቀ፣ እሱ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል፤ በቀጥታ ሆስፒታል። አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ካለም እንዲሁ፤ ወጌሻ ጋ አትሂዱ። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው ከዛለ፣ አዲስ የራስ ምታት ከመጣበት ወይም ዓይኑ ከደበዘዘ፣ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ይችላል። ዓይን ያጠፋል፤ በዚያው ቀን ይታይ።

እህቴ አሁን ዶሮዋን ትበላለች። ቆሎ ላይ ገና ናት፤ ጉርሻም በትንሹ ነው። አክስታችንም ታርቃታለች።

በሉ አሁን ሦስት ጣታችሁን ደርድራችሁ በቁመት አፋችሁ ውስጥ አስገቡ። የአብዛኛው አዋቂ አፍ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይከፈታል፤ በራሱ ሦስት ጣት ገደማ ነው። እህቴ ሁለት ብቻ ነበር የምታስገባው። ሦስቱ ያልገባለት ወይም ያመመው ካለ፣ ቡናው እስኪያልቅ በበሩ በኩል ካለው ጠረጴዛ አጠገብ እቆያለሁ።