ኤንግልባርት የጠየቀው ጥያቄ

እሺ... ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የተረፈውን የድምፅ ነገር እንጨርሳለን ብዬ ነበር። አውቃለሁ። እሱ ሌላ ቀን ይሁን። ሰሞኑን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰ እንቅልፍ ነስቶኛል። እሱን ሳላወጣው ስለ ማይክ አቀማመጥ ባወራችሁ ልቤ እዚህ አይሆንም። በሩን ቆልፌዋለሁ። ስለዚህ እህቴ ዛሬ ብቅ ብላ «ጨረስክ?» አትለንም። ወሬው ግን ከሷ ነው የመጣው።

ስለ ዳግላስ ኤንግልባርት ነው። አዎ፣ ደግሞ እሱ። «ማውስን የፈጠረው ሰውዬ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ። ማውሱን ለጊዜው እንተወው በሞቴ። ሰውየው ማውስ ለመሥራት አልነበረም የተነሳው።

ቪዲዮውን ከናንተ ግማሹ አይቶታል፣ ስንት ጊዜ ነው እዩት ያልኳችሁ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 9፣ 1968፣ ሳን ፍራንሲስኮ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሺህ ገደማ የኮምፒዩተር ባለሙያ ተቀምጧል። የ43 ዓመቱ ኤንግልባርት በነጭ ሸሚዝና በከረባት፣ ማይክ ያለው ማዳመጫ አጥልቆ መድረክ ላይ አለ። ከዛ 90 ደቂቃ ያህል ያሳያል። ጽሑፍ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ከቦታ ቦታ ያዛውራል። የሚገዙ ዕቃዎችን ዝርዝር ያወጣና በየወገኑ ይከፋፍለዋል። አንድ ቦታ ሲነካ ሌላ ጽሑፍ ይከፈታል። ቆይቶ ደግሞ ሜንሎ ፓርክ፣ ላብራቶሪያቸው ውስጥ፣ የቀረ ባልደረባው ፊት ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ! እየተነጋገሩ አንዱን ጽሑፍ አብረው ያዩታል፣ ይሠሩበታል።

ያኔ እኮ አብዛኛው ሰው ኮምፒዩተር የሚጠቀመው ካርድ እየበሳ ነው። የተበሳውን ካርድ ለኦፕሬተር ሰጥተህ ትሄዳለህ። ውጤቱን ከሰዓታት በኋላ መጥተህ ትወስዳለህ። እና በዛ ዘመን አንድ ሰው ተቀምጦ ከማሽኑ ጋር ፊት ለፊት፣ እዛው በዛው ይሠራል። ሲጨርስ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አለን ኬይ የሚባለው ሰው፣ በኋላ የግል ኮምፒዩተርን መልክ ካስያዙት ዋነኞቹ አንዱ የሆነው፣ ትኩሳት ይዞት እየተንቀጠቀጠ ነው የመጣው። ታሞ! እኔ ብሆን የምሄድ አይመስለኝም። እሱ ግን ሄደ፤ ከዛ በኋላ ሥራው ሁሉ ላይ ያ ቀን አለበት።

እኔን ግን የገደለኝ እጁ ነው። ይሄን ነግሬያችሁ አላውቅም መሰለኝ።

ቀኝ እጁ ማውሱ ላይ ነው። ግራ እጁ ደግሞ አምስት ቁልፍ ብቻ ያላት ትንሽ ሰሌዳ ላይ። ቁልፎቹን አንድ ላይ እያጣመረ ሲጫን ፊደል ይወጣል፣ ትእዛዝ ይሄዳል። ወደ እጁ አያይም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። አሁን ኤዲት የምታደርጉ ልጆች፣ ሥራ ላይ ስትሆኑ እጃችሁን እስቲ እዩት። ቀኝ እጅ ማውስ ላይ። ግራ እጅ ኪቦርዱ ላይ፣ ትንሿ ጣት ኮንትሮል ላይ፣ አውራ ጣት ስፔስ ላይ፣ የቀሩት ሾርትከት ላይ ተደርድረው። ሰውየው የተቀመጠው የኛን አቀማመጥ ነው! እኔ ከመወለዴ በፊት የኔን ሥራ አካሄድ ሰውነቱ ያውቀዋል። መጀመሪያ ይሄን ሳስተውል እንባ እንባ ነው ያለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ቦታ ይዞ የጠበቀህ ዓይነት ስሜት አለው።

እና እህቴ። ኤዲቲንግ እያስተማርኳት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፈጣን ናት። ከኔ ትፈጥናለች። እጇን አይቼ «ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» አልኳትና ቪዲዮውን ከፈትኩላት።

ገና መጀመሪያው ላይ ሰውየው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። በኔ አባባል ልንገራችሁ። በጭንቅላትህ የምትሠራ ሰው ነህ እንበል። ቢሮህ ውስጥ ስክሪን ይሰጥሃል። ከስክሪኑ ጀርባ ቀኑን ሙሉ ላንተ ነቅቶ የሚጠብቅ፣ የምትነካውን ሁሉ ወዲያው የሚመልስ ኮምፒዩተር አለ። ከዚህ ምን ያህል ጥቅም ታወጣበታለህ? ይሄው ነው። ይጠይቅና ወደ ማሳየቱ ያልፋል።

እህቴ ስፔስ ተጫነች። ቪዲዮው ቆመ። ሰውየው አፉ ከፈት እንዳለ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ማዳመጫዋን ወደ አንገቷ አወረደችና፣ ወደኔም በደንብ ሳትዞር፣ «ምን ያህል አወጣህበት?» አለችኝ።

በቃ፣ ሌላ አልተጨመረበትም።

እኔ «ሥራዬ በሙሉ እሱ አይደል?» አልኳት። እሷ «እ» አለች። ከዛ ማዳመጫዋን መልሳ አደረገች፣ ስፔስ ተጫነች፣ ቪዲዮው ቀጠለ። እስከ መጨረሻው አየችው። ወደደችው። እጇንም አሳየችኝ፣ «እውነትም!» ብላ። ስለ ጥያቄው ድጋሚ አላነሳችም። ረስታዋለች ብዬ ነው የማስበው።

እኔ ግን ያቺን «እ» ማለፍ አልቻልኩም። ምን ዓይነት «እ» ነበረች? «እሺ ገባኝ» ናት? «እሱማ የታወቀ ነው» ናት? ወይስ «እሱን አልጠየቅኩህም»? ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ እኔን የጠየቀችኝ አይመስለኝም። የሱን ጥያቄ ለራሷ የደገመችው ይመስለኛል። ገና እየጀመረች ነው አይደል? ምን ታወጣበት ይሆን ብላ ሊሆን ይችላል። ግን «አወጣህበት» ነው ያለችው። «አወጣህ»። እሱን በደንብ ሰምቻለሁ።

ልጠይቃት እችላለሁ እኮ። ግን ብጠይቃት መልሷ ቀላል ይሆንና እኔ የምይዘው ይጠፋብኛል። እንደዛ ነው መሰለኝ።

እና የሚረብሸኝ ይሄ ነው። ሰውየው ጥያቄውን የጠየቀው ሥራ ስለማግኘት አይደለም። ከየት እንደተነሳ ስታውቁ ይገባችኋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ባሕር ኃይል ውስጥ የራዳር ቴክኒሻን ነበር፣ ፊሊፒንስ። በ1950 ዕድሜው 25 ነው። ጥሩ ሥራ ይዟል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የበረራ ምርምር ማዕከል። ቀለበት አስሯል። ሁሉ ነገር ሞላለት። እና አንድ ቀን ወደ ሥራ እየነዳ «ከዚህ በኋላስ?» አለ። የቀረው የሕይወቴ ጊዜ ለምን ይዋል? ዓለም ላይ ያለው ችግር እየተወሳሰበ፣ እየፈጠነ ነው፤ ሰው ደግሞ አብሮ የማሰብ አቅሙ አልጨመረም። እሱን ባሳድግስ? ራዳር ስለሚያውቅ ማሽን ስክሪን ላይ ሊያሳይ እንደሚችል ገብቶታል። ሰዎች ስክሪን ፊት ተቀምጠው፣ ተያይዘው፣ አብረው ሲያስቡ ታየው። በ1950! ከዛ እስከዛ መድረክ ድረስ 18 ዓመት ፈጀበት።

በ1962 የጻፈው ረዥም ሪፖርት አለ። እዛ ውስጥ አንድ የምወደው ነገር አለ። እርሳስ ከጡብ ጋር አስሮ ሰው አስጻፈበት። የጽሑፉንም ናሙና አስቀምጧል፣ በታይፕ ከተጻፈውና በእጅ ከተጻፈው ጎን። በጡቡ የተጻፈው ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ የተንጋደደ፤ ጊዜውም ረዥም። ማለት የፈለገው ምንድነው፣ የሰው ልጅ እርሳስ ሁሉ ይሄን ያህል ቢከብድ ኖሮ ስንት መጽሐፍ ይጻፍ ነበር? ስንት ሐሳብ ወረቀት ላይ ተሞክሮ ይስተካከል ነበር? መሣሪያው እጅህን ብቻ አይደለም የሚለውጠው፤ ልታስበው የምትችለውንም ይለውጠዋል። እና መሣሪያው ብቻውን አይበቃም ይላል። ቋንቋህ፣ የአሠራር ዘዴህ፣ ሥልጠናህ አብሮ ማደግ አለበት። ሰውየው ከኛ የፈለገው ብዙ ነገር ነበረ። ልፉ፣ ተማሩ፣ ተለወጡ ነው ያለን። እኛ ማውሱን ወሰድን።

ማውሱን ካነሳን አይቀር ደግሞ... ቢል ኢንግሊሽ የሚባለውን ሰው ማንም አያነሳውም። በ1964 መጀመሪያ በእጁ የሠራው እሱ ነው። ኤንግልባርት ሐሳቡን ሰጠው፣ እሱ ሠራው። የእንጨት ሳጥን ነው፣ ሥሩ ሁለት ጎማ፣ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ፊት የሚዞር፣ ላዩ ላይ አንድ ቁልፍ። የዛን ቀንም ከአዳራሹ ኋላ ሆኖ የትኛው ምስል መቼ ስክሪኑ ላይ እንደሚወጣ የሚመራው እሱ ነበር። ይህ የኔ ሥራ ነው እኮ! ካሜራ ከዚህ፣ ካሜራ ከዛ፣ ፊቱን አስገባ፣ አሁን አውጣ። የቀጥታ ኤዲቲንግ ነው። ሜንሎ ፓርክ ካሜራ ይዞ የቆመው ደግሞ ስቱዋርት ብራንድ የሚባል ጸሐፊ። ቪዲዮውን ስታዩ አንድ ሰው ነው የምታዩት። ከጀርባው ግን ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ «ባለራእዩ» ስንል ትንሽ ይቆጠቁጠኛል። ራእዩ የሱ ነው፣ አይካድም። ግን እኔን እዚህ ያደረሰኝ ማነው? እሱ ነው ወይስ ቢል ኢንግሊሽ? ኢንግሊሽ በ1971 ወደ ዜሮክስ ምርምር ማዕከል ሄደ፣ ማውሱም አብሮት። ከዛ አፕል፤ በ1984 ማኪንቶሽ ወጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ እኔ እጅ ገባ።

ኤንግልባርት ግን እየቀረ ሄደ። ገንዘቡ ደረቀ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ ላብራቶሪው ተሸጠ። የማውሱ ፓተንት ይሠራበት የነበረው የምርምር ተቋም ስለነበር ከሽያጩ ድርሻ አላገኘም። ቱሪንግ ሽልማት፣ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት፣ በ1997 ተሰጠው፣ ቆይቶ። በ2013 አረፈ። እስከ መጨረሻው ግን ስለ ማውስ ሳይሆን ስለዛው ስለ ድሮው ጥያቄ ነበር የሚያወራው።

ይሄን ሳስብ አዝናለሁ። ከዛ ደግሞ በማዘኔ እናደዳለሁ። ለምን ታዝንለታለህ? በእሱ ሐሳብ ላይ ስንት ሰው ሙዚቃ ሠራ፣ ፊልም ቆረጠ፣ ሕንፃ ነደፈ? የኔ እህት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ የሰው ፊት ላይ ሦስት ፍሬም፣ ማለትም ሦስት ቅጽበታዊ ምስል፣ ቀንሳ በቀልዱ ሰው ታስቃለች። ሦስት ፍሬም! ይሄ የአእምሮ ማደግ ካልሆነ ምንድነው? እሱ ያሰበው የዓለምን ችግር ነበር፣ እሺ። ግን የሰው ሳቅ ቦታውን እንዲያገኝ ማድረግስ... አይ፣ ይሄን ስል ራሴን ለማጽናናት የማወራ ይመስለኛል። ምናልባት ነው። ምናልባት አይደለም።

ሌላም አለ። በዛው ዘመን፣ እዛው አካባቢ፣ ስታንፎርድ ውስጥ የጆን ማካርቲ ላብራቶሪ ነበር። እነሱ የሚያስብ ማሽን ሊሠሩ ነው። ኤንግልባርት ደግሞ ማሽኑ ሰውን እንዲያጎለብት። ጎረቤት ናቸው፣ ሐሳባቸው ግን ለየቅል። አሁን የማን ዘመን ነው? ሰሞኑን አንድ ረዥም ቃለ መጠይቅ ራሱ ለሚቆርጥ ፕሮግራም ሰጠሁት። ቆረጠው። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ አድርጎ። አንድ ቦታ ብቻ፣ ሴትዮዋ የወንድሟን ስም ከመጥራቷ በፊት ትንሽ የምትቆምባት አለች፣ እሷን እንደ ባዶ ቆጥሮ አውጥቷታል። መለስኳት። ሌላውን አልነካሁትም።

ቀናት ይፈጅብኝ የነበረ ሥራ ነው። ተረፈልኝ። እና በተረፈው ጊዜ ምን ሠራሁ? ሌላ ሥራ ተቀበልኩ። እሱንም ለዛው ፕሮግራም ሰጠሁት። እና ያቺን ቦታ ለይቼ ማወቄ፣ እሱ ነው «ያወጣሁበት»? ዓመታት በእጄ ስቆርጥ ስለኖርኩ ነው ያወቅኳት። እህቴ አሁን በእጇ ሳትቆርጥ ብትጀምርስ? ታውቃት ይሆን? ልከለክላት ደግሞ አልችልም፣ ለምን እከለክላታለሁ? እሱም በእጅ ቁረጡ አላለም እኮ። ያለው... ማለቴ፣ ሰውየው ጡቡን ከእርሳሱ ፍቱት ነው ያለው። ግን እርሳሱን ራሱ ሌላ ከያዘውስ? አንተ ምን ትሆናለህ... እኔ እንጃ። ምናልባት እሱ ራሱ... አይ። እዚህ ላይ ልቁም። ሐሳቡ አላለቀልኝም።