ባንኮክ ውስጥ አልጋ የት ይያዝ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ከተማና ስለ ሦስት አልጋዎች ላወራችሁ ነው። ከተማዋ የታይላንዷ ባንኮክ ናት። አልጋዎቹ ደግሞ እኔና እናቴ በ12 ቀን ውስጥ የተኛንባቸው ናቸው።

የሄድነው በ2017 የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቷል። የእማዬ ጉልበት ከዓመት በላይ አስቸግሯት ነበር፤ በመጨረሻ ውጭ ወጥታ ትታይ ተባለ። መቼም ለሕክምና ባንኮክ የሄደ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ለልብስ ንግድ የሚመላለሰውም ብዙ ነው። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ። ቪዛ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል። ካርዱን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ፓስፖርታችሁ ውስጥ ይሁን። ኢሚግሬሽን ከመድረሳችሁ በፊት ትጠየቃላችሁ።

ከመሄዳችን በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ሆቴል ስፈልግ ከረምኩ። ዋጋ አያለሁ። ፎቶ አያለሁ። ካርታ ላይ ርቀት እለካለሁ። በመጨረሻ ሱኩምቪት በሚባለው ረጅም ጎዳና በኩል አንድ አገኘሁ። ርካሽ ነው፣ ንጹሕ ነው። "ከባቡር ጣቢያው በእግር 8 ደቂቃ" ይላል። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

አሁን ስለ ሱኩምቪት ትንሽ ልንገራችሁ፤ ሳላውቀው ሄጄ ነው የተቸገርኩት። ከዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ አጥንት የሚወጡ መንገዶች አሉ። ሶይ ይባላሉ። በአንዱ በኩል ያሉት ጎዶሎ ቁጥር አላቸው፣ በሌላው በኩል ያሉት ሙሉ ቁጥር። ብዙዎቹ ሶዮች ረጃጅም ናቸው፣ መጨረሻቸውም ዝግ ነው። አንዱን ከጎኑ ካለው ጋር የሚያገናኝ መንገድ ላይኖር ይችላል። ካርታ ላይ ግድግዳ ለግድግዳ የሚመስል ቦታ ለመድረስ እስከ ዋናው ጎዳና ወጥታችሁ፣ ዞራችሁ፣ እንደገና ትገባላችሁ። ለዚህ ነው የአካባቢው ሰው በሞተር ሳይክል ታክሲ የሚገባውና የሚወጣው። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሞተረኞች ሶዩ አፍ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ግን ጉልበቷን የታመመች እናት ሞተር ላይ አትወጣም።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ነን። ባንኮክ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። አየሩ ከብዶ ትከሻችሁ ላይ ይቀመጣል። በእኛ አራት ሰዓት ላይ ልብሳችሁ ርሶ ሰውነታችሁ ላይ ተለጥፏል። የእግረኛው መንገድ ላይ የምግብ ጋሪ አለ፣ የቆመ ሞተር አለ፣ የተነሳ ንጣፍ አለ። ባቡሩ ቢቲኤስ ይባላል፣ ከመንገዱ በላይ በድልድይ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ደረጃ አለው። ሊፍት አለ፤ እኛ ጣቢያ ላይ ግን ሊፍቱ ያለው ከመንገዱ ማዶ በሚያወጣው በር በኩል ነበር።

ያ 8 ደቂቃ በእማዬ እግር 25 ደቂቃ ሆነ። ሦስት ጊዜ "ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ" አለችኝ። አንዴ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለተኛው ቀን ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ጉልበቷን በቀዝቃዛ ፎጣ ይዛ ዝም አለች። እናቴ ስትናደድ ትናገራለች። ዝም ካለች ግን አሟታል ማለት ነው። በጣም አዘንኩ። 8 ደቂቃ ሲሉ ለማን እንደሆነ አልጻፉም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያች ማታ ወዲህ ማረፊያ ስመርጥ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው። ከመካከላችን ቶሎ የሚደክመው ሰው፣ በጣም በደከመበት ሰዓት፣ እንዴት አድርጎ አልጋው ጋ ይደርሳል? ጠዋት ሲወጣ ሁሉም ጉልበት አለው። ማታ ስንመለስ ነው ነገሩ የሚለየው።

በሦስተኛው ቀን ናና የሚባል ጣቢያ አካባቢ፣ እማዬ የምትታይበት ሆስፒታል አጠገብ ገባን። ዋጋው ይጨምራል፣ ክፍሉም ጠባብ ነበር። ግን እማዬ ሁለት ጊዜ እንኳ ሳታርፍ ሐኪሙ ጋ ትደርሳለች። ሶይ 3 አካባቢ የአረብ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። ጽሑፉ አረብኛ ነው፣ መንገዱ የሽቶና የጥብስ ሽታ አለው፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሕክምና የመጡ ቤተሰቦች አመሻሽ ላይ በረንዳ ይዘው ሻይ ይጠጣሉ። የሐበሻ ምግብም ይገኛል። የጾም በያይነቱ ስትቀርብላት እማዬ መጀመሪያ እንጀራውን በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ አማተበችና በላች። ሆስፒታሉ መጠባበቂያ ውስጥ ደግሞ አንዲት የደሴ እናትና ልጇን አገኘን። "በርቺ፣ የእኔም እንዲህ ነበር" ተባባሉ። እኔ በሁለት ቀን ያላጽናናኋትን እሳቸው በሩብ ሰዓት አጽናኗት።

ለሕክምና የምትሄዱ ከሆነ እዚሁ እረፉ። ርካሽ አገኛለሁ ብላችሁ አትራቁ። አንድ ነገር ግን እወቁ። ከዋናው ጎዳና ማዶ ያለው ሶይ 4 የመጠጥና የጭፈራ ሰፈር ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይንጫጫል። ከወላጅ ወይም ከልጅ ጋር ከሆናችሁ በጎዶሎ ቁጥሮቹ በኩል ያዙ።

ለንግድ ለሚሄድ ደግሞ ፕራቱናም አለ። የጅምላ ልብሱ ያለው እዚያ ነው፣ ከኤርፖርት የሚመጣው ባቡር ራትቻፕራሮፕ ላይ ያወርዳችኋል። ወጣቶች የሚወዱት ካኦ ሳን ነው፤ ድሮ የሩዝ ገበያ ነበረ፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ለእኛ ግን አይሆንም ነበር። ባቡር በቅርብ የለውም።

ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም አለ። መርፌ ተወጋች፣ እንቅስቃሴ ታዘዘላት፣ ከአምስት ቀን በኋላ ተመለሱ ተባልን። ከሆስፒታሉ ስንወጣ እማዬ "እንግዲህ አገሩን አሳዪኝ" አለች።

ሦስተኛው አልጋ የመጣው እንዲህ ነው። ወንዙ ዳር ሄድን።

ባንኮክ ዋና ከተማ የሆነችው በ1782 ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ቀዳማዊ ራማ መናገሻቸውን ከቻኦ ፕራያ ወንዝ ማዶ፣ ከቶንቡሪ፣ ወደዚህኛው ዳርቻ አሻገሩ። ቦታው ላይ የነበሩት የቻይና ነጋዴዎች ለቤተ መንግሥቱ ለቀው ወደ ታች ወረዱ፤ ዛሬ የቻይናዎች ሰፈር የሚባለው ከዚያ የበቀለ ነው። ቢቲኤስ የመጣው ገና በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን ሰው የሚሄደው በወንዝና በቦይ ነበር። ቤተ መንግሥቱም፣ ትልልቆቹ ቤተ መቅደሶችም ያሉት ውኃው ዳር ነው። ሱኩምቪት ሳለሁ ከተማዋ ሕንጻና መኪና ብቻ መስላኝ ነበር። ለካ በጀርባዋ በኩል ነበር የገባሁት።

ያረፍንበት ሰፈር ታላት ኖይ ይባላል፤ ትንሿ ገበያ ማለት ነው። አሮጌ የመኪና ሞተር፣ ማርሽ፣ ቅባት የነካው ብረት በየበሩ ተከምሯል። እማዬ ገና ስታየው "ሶማሌ ተራ!" አለች። እውነቷን ነው። በብረቱ ክምር መሃል አንድ ትንሽ የቻይና መቅደስ አለ፣ ዕጣን ይጨሳል። ትንሽ አለፍ ብሎ ወንዙ ዳር የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ። እማዬ ባለፈች ቁጥር ቆማ ትሳለም ነበር።

ጾሙ እዚያ ቀለለን። የታይ ምግብ አትክልት ቢመስልም የዓሣ ስጎ አይጠፋበትም፤ እማዬ ደግሞ በዐቢይ ጾም ዓሣ አትነካም። "ጄ" የሚባል ምግብ እንዳለ የነገረችኝ የማረፊያው ባለቤት ናት። ከእንስሳ የመጣ ምንም ነገር የለበትም። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት የሰቀለ ጋሪ ካያችሁ እሱ ነው፤ በቻይናዎቹ ሰፈር በኩል ይበዛል። እማዬ እስከ ስድስት ሰዓት ትቆይና ከዚያ ቶፉና ጎመን በሩዝ ትበላለች። ጾመኛ ከሆናችሁ ይህቺን "ጄ" የምትል ቃል ያዙልኝ።

ጠዋት ጠዋት ጀልባ እንይዛለን። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው፣ የአገሬው ሰው ሥራ የሚሄድበት ጀልባ ነው። 16 ባት ከፈልን። ደረጃ የለም፣ ሊፍት ፍለጋ የለም፣ ነፋስ አለ። እማዬ ከዳር ተቀምጣ ነጠላዋን በእጇ ይዛ ታያለች። ዋት አሩን የሚባለው ቤተ መቅደስ ከማዶ ብቅ ሲል "ይሄ ሁሉ ሸክላ በእጅ ነው የተለጠፈው?" አለችኝ። አዎ፣ በትንንሽ የሸክላ ሰሃን ስብርባሪ ነው ያጌጠው። ዋት ፖ ስንደርስ እሷ ጥላ ሥር ተቀመጠች። እኔ ገብቼ የተጋደመውን 46 ሜትር ቡድሃ አይቼ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ጀልባው የሚነሳበትን ሰዓት የማረፊያውን ባለቤት ስጠይቅ "ስምንት ሰዓት" አለችኝና፣ ለራሷ በታይኛ ደገመችው፤ "ሶንግ ሞንግ ቻኦ"። ሶንግ ሁለት ማለት እንደሆነ ገበያ ላይ ለምጄ ነበር። ለምን ሁለት እንዳለች ጠየቅኳት። ለካ በድሮው አቆጣጠራቸው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የሚጀምሩት። ፈረንጅ ስምንት የሚለው ጠዋት እነሱ ጋ ሁለት ነው። ማታም እንደዚያው። ከሰዓት በኋላው ይለያል፣ ጠዋቱና ማታው ግን እንደ እኛው ነው። የዓመቱ አቆጣጠርማ ሌላ ነው፤ እኛ 2017 ላይ ሳለን እነሱ 2568 ላይ ናቸው። ለእማዬ ስነግራት ከወንበሯ ተነሳች። የእጅ ሰዓቷን ወደ ባንኮክ ስትቀይር እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነበር የሞላችውና ለማረፊያው ባለቤት ማሳየት ፈለገች።

የመጨረሻው ቀን ማታ ወደቡ ጋ ተቀመጥን። ጨልሟል፣ ወንዙ ላይ መብራት ይንቀጠቀጣል። ሶዩ አፍ ላይ ማንጎ የምትቆርጥ ሴት ነበረች፣ በየቀኑ ከእማዬ ጋር በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ የሰነበቱ። እማዬ ወደ ሰማዩ አሳየችና አንድ ጣቷን አነሳች። ሴትዮዋ ሳቀችና "ኑንግ ቱም" አለች። እማዬም "አንድ ሰዓት" አለች። ማንጎውን በከረጢት አድርጋ ሰጠቻት፣ ገንዘቡን አልቀበልም አለች።

ከዚያ ተነሳን። እማዬ ክንዴን ሳትይዝ ነው የሄደችው። ቆጠርኩት፤ እስከ በሩ 140 እርምጃ ነው።