ጀርመን ሸፐርድ፦ የበጉ ውሻ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጀርመን ሸፐርድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው በር የምናየው፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመው ውሻ። ብዙዎቻችን ለጥበቃ ብቻ የተፈጠረ ይመስለናል። መነሻው ግን በግ ነው።

ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። ገጠር ውስጥ የእረኞች ውሾች ሲሠሩ እያየ ተማረከ። ያኔ የየአካባቢው ውሻ ይለያያል። የቱሪንጊያው ሌላ፣ የቩርተምበርጉ ሌላ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 1899፣ ካርልስሩኸ ከተማ በተደረገ የውሻ ትርኢት ላይ ሄክቶር የሚባል ውሻ አየና ገዛው። ስሙን ሆራንድ ፎን ግራፍራት አለው። በዚያው ወር የዝርያውን ማኅበር መሠረተ፤ ሆራንድም በመዝገቡ ቁጥር 1 ሆኖ ሰፈረ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሥራቸው ነው። የጀርመን በጎች አጥር በሌለው ቦታ ይግጡ ነበር። እዚህ ሣር፣ እዚያ የሰው ስንዴ። ውሻው ታዲያ በድንበሩ ትልም ላይ ሶምሶማ እየሮጠ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። በግ እንዳያልፍ። እረኛው በየደቂቃው አያዘውም፤ ብዙውን ራሱ አይቶ ይወስናል። ከብት ጠብቃችሁ ያደጋችሁ ይህ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የሰው ማሳ አስበልቶ ወደ ቤት መግባት እንዴት እንደሚያስፈራ!

ስቴፋኒትዝም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፦ ብልህ የሆነ፣ ለሥራ የሚውል ውሻ። መልኩ ለእሱ ሁለተኛ ነገር ነው።

በኋላ ፋብሪካው በዛ፣ በጉ ቀነሰ። ስቴፋኒትዝም ውሻው ሥራ እንዳያጣ ብሎ ወደ ፖሊስና ወደ ጦር ሠራዊት ወሰደው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መልእክት ይዞ ሮጧል። በ1916 ደግሞ ኦልደንቡርግ ከተማ ውስጥ፣ በጦርነቱ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች መሪ ውሾችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ከወጡት ብዙዎቹ ጀርመን ሸፐርዶች ናቸው። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ያው በግ ከድንበር የሚመልሰው ማስተዋል ዓይነ ስውሩን ከገደል መለሰ።

እኛ ጋ ግን «ቀን ታስሮ ካልዋለ ማታ ኃይለኛ አይሆንም» ይባላል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ እንዲሮጥ፣ እያሰበ እንዲሠራ የተዳቀለን ውሻ በአንድ ሜትር ሰንሰለት ማሰር ጭካኔ ነው። ደግሞም እንዲህ ያደገ ውሻ ሌባውንም፣ እንግዳውንም፣ የጎረቤት ልጅንም አይለይም። ሁሉም ላይ ይዘላል። ጥሩ ጠባቂ የምንለው የሚለየውን አይደል?

ውሻ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ጠዋት ከሥራ በፊት በማሰሪያ ይዛችሁት ውጡ። ዕቃ ደብቃችሁ እንዲፈልግ አለማምዱት። ግቢው ጠባብ ቢሆንም ይህን ማድረግ ይቻላል። እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ።