ዝም ብሎ ማጉረስ

በዚህ የዱር እንስሳት ማገገሚያ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የመጣችሁ አዲስ ባልደረቦቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ንግግሬ አጭር ነው። ያሳጠርሁት ግን በትሕትና አይደለም። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ያሉት ጫጩቶች ከሩብ ሰዓት በፊት በልተዋል፤ ሌላ ሩብ ሰዓት ሲሞላ ከተፈለፈሉ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሱ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ። ላባ ያላወጣ የዘማሪ ወፍ ጫጩት በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ይጎርሳል፤ ገና ከእንቁላሉ የወጣው ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ። ሥራው ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፤ ስትጠልቅ ያበቃል። ሌሊቱን ይተኛሉ፤ ለዚህ እኔ በግሌ አመሰግናቸዋለሁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የድንቢጥ ጫጩት ግን ቀስ ማለትን አያውቅም። ሲፈለፈል ዓይኑ ያልተከፈተ፣ ራቁቱን የሆነ፣ ከሁለት ሦስት ግራም የማይዘል ፍጥረት ነው፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ላባውን ለብሶ ከጎጆው ይወጣል። እናንተ አርፍዳችሁ ስትመጡ ከእነዚያ ቀናት ላይ እየቆረሳችሁ ነው።

አሁን የምታዩትን ልንገራችሁ። የጎጆውን ጠርዝ በጣታችሁ ነካ ስታደርጉ ወላጅ መጥቶ ያረፈ ይመስላቸዋል። አምስት ቀጫጭን አንገቶች እየተንቀጠቀጡ ወደ ላይ ይመዘዛሉ። ዓይናቸው ገና ጭፍን ነው፤ አፋቸው ግን የፊታቸውን ያህል ይከፈታል። የአፋቸው ውስጥ ደማቅ ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ቢጫ ከንፈር የሚመስል ነገር አለ። ለወላጅ «እዚህ ጨምር» የሚል ምልክት ነው። በወረንጦ ጫፍ የያዛችሁትን ወደ ጉሮሮው ጠለቅ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ አፉ ጫፍ ላይ ብታስቀምጡለት አይውጠውም። ከዋጠ በኋላ አትቸኩሉ። ዞር ይልና ኋላውን ከፍ አድርጎ በስስ ነጭ ከረጢት የታሸገ ኩስ ያስረክባችኋል። ወላጆቹ በምንቃራቸው ይዘው ርቀው ይጥሉታል፤ እኛ በሌላ ወረንጦ እናነሳዋለን። ተፈጥሮ ለወፍ ልጅ ሽንት ጨርቁን አብራ ሰጥታ የሰውን ልጅ መርሳቷ፣ ልጆች ያሳደጋችሁ ሁሉ የምትታዘቡት ነገር ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲት ጫጩት በካርቶን መጣችልኝ። ቀዝቅዛለች፤ አንገቷን ማቅናት አቅቷታል። ርቧት ነው ብዬ አዘንሁና ቶሎ ብዬ አጎረስኋት። ላባ የሌለው ጫጩት የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሆዱ ምግብ አይፈጭም። ያጎረስኋት ሁሉ ሆዷ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ ማታውን አልደረሰችም። መጀመሪያ ማሞቅ፣ ከዚያ ማጉረስ። ይህን ከማሠልጠኛ ወረቀት ላይ አንብቤው ነበር፤ የተማርሁት ግን ከእሷ ነው።

ውሃም እንዲሁ ነው። ሰዎች አዝነው በጠብታ ይሰጧቸዋል። የወፍ መተንፈሻ ቀዳዳ ምላሷ ሥር ስለሆነ ጠብታዋ በቀላሉ ወደ ሳንባ ትወርዳለች። ጫጩት ውሃውን የሚያገኘው ከሚበላው ነው። ዳቦ በወተት የሚሉም አሉ። የወፍ ሆድ ወተትን አያውቅም፤ ዳቦውም በፍጥነት ለሚያድግ አጥንት የሚሆን ካልሲየም የለውም። ርግብስ ትሉኝ ይሆናል። ርግቦች፣ እናትም አባትም፣ አንገታቸው ሥር ባለ ከረጢት ወተት መሰል ምግብ ያመነጫሉ፤ ያ ግን ከላም ወተት ጋር ዝምድና የለውም። ጫጩታቸውም ምንቃሩን ወላጁ አፍ ውስጥ ከትቶ ነው የሚበላው። በርግብ ጫጩት ፊት ወረንጦ ይዛችሁ አፉን እስኪከፍት ብትጠብቁ ይመሽባችኋል።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ማጉረስ የሚለው ቃላችን በውስጡ ፍቅር አለበት፤ ያጎረስነውን ደግሞ ማባበል ያምረናል። እዚህ አይቻልም። አታናግሯቸው፣ አትደባብሷቸው፣ ፎቶ ለማንሳት ከጎጆ አታውጧቸው። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ኮንራድ ሎሬንዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ፣ ከእንቁላል እንደወጡ መጀመሪያ ያዩት እሱን የሆነ የዝይ ጫጩቶች እንደ እናት ሲከተሉት አሳይቷል። በሥዕል ሲታይ ደስ ይላል። ሰውን ወገኔ ብሎ ያደገ ጉጉት ግን ጫካ ውስጥ ጓደኛ አያገኝም፤ ሰውንም አይሸሽም። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለው የአሜሪካ ግዙፍ ጥንብ አንሳ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1987 በመላው ዓለም 27 ብቻ በቀረ ጊዜ፣ አሳዳጊዎቹ ጫጩቶቹን ያበሉ የነበረው የኮንዶር ጭንቅላት በሚመስል የእጅ አሻንጉሊት ነበር። ፊታቸውን ደብቀው። እኛ የምንለምናችሁ ዝምታ ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ ለሁለት ወቅት አቅቶኝ ነበር።

ስልክ ላይ የምትመደቡም አላችሁ። ያ ሥራ አነስ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ከሁሉ የሚሻለው ወፍ እዚህ የማይመጣው ነው። ላባ ለብሶ፣ ጅራቱ አጭር ሆኖ መሬት ላይ የሚፈናጠር ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ አይደለም፤ መብረር እየለመደ ነው፤ ወላጆቹም እዚያው አካባቢ ሆነው ይመግቡታል። ደዋዩ ሰው ይተወው። ራቁቱን የወደቀ ከሆነና ጎጆው ከታየ ይመልሰው። የሰው እጅ ከነካው እናቱ ትክደዋለች የሚባለው እውነት አይደለም። ድመት የያዘችውን ግን ቁስሉ ባይታይም በፍጥነት እንዲያመጣው ንገሩት፤ የድመት አፍ ያለበት ባክቴሪያ ወፍን ቶሎ ይገድላል፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ሰዓቱ እየደረሰ ነው። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ታጠቡና ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። በሩ አጠገብ ባለው ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አምስት ድንቢጦች አሉ። ትልልቆቹ ጠግበውም አፋቸውን ስለሚከፍቱ እንዳያታልሏችሁ። አምስተኛው ከሥራቸው ነው፤ ፈልጉት።